ሮትዋይለሩ ሲያነክስ፣ ሆዱ ሲነፋ፣ እንግዳ ሲነክስ

ሮትዋይለር የተባለው የውሻ ዝርያ ስሙን ያገኘው በደቡብ ጀርመን ከምትገኘው ሮትቫይል ከተማ ነው። እዚያ የሥጋ ነጋዴዎችን ከብት ይነዳ፣ ጋሪያቸውን ይጎትት ነበር። ለአካለ መጠን የደረሰ ወንድ 50 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል። አዲስ አበባ ውስጥ ቡችላውን ገዝቶ ግቢው የሚያስገባ ሰው ግን ይህን ሁሉ በስድስት ወር ማየት ይፈልጋል፤ ቶሎ እንዲገዝፍ፣ ቶሎ እንዲያስፈራ። ከዚህ በታች ካሉት ችግሮች አብዛኞቹን የሚወልደው ይኸው ችኮላ ነው።

ቡችላው ያነክሳል፣ ወይም እግሩ ይጣመማል

መጀመሪያ የሚበላውን ይመርምሩ። እዚህ ላይ ሁለት ተቃራኒ ስህተቶች አሉ። አንደኛው ሥጋና ሳንባ ብቻ መመገብ ነው። ሥጋ ፎስፈረስ በብዛት ሲኖረው ካልሲየሙ እጅግ ጥቂት ነው፤ ስለዚህ ሰውነት የጎደለውን ከራሱ አጥንት እየቀዳ ይወስዳል፣ አጥንቱም ሳስቶ ይጎብጣል። ሁለተኛው ስህተት ይህን የሰማ ባለቤት የሚሠራው ነው፦ የተመጣጠነ የፋብሪካ ምግብ እያበላ በላዩ የካልሲየም ሽሮፕ ይጨምራል። የትልልቅ ዝርያ ቡችላ አንጀት የተትረፈረፈውን ካልሲየም እንደሚገባው መልሶ መግታት አይችልም፤ ትርፉ አጥንትና መገጣጠሚያን ያበላሻል። የሚመገበው ለትልልቅ ዝርያ ቡችሎች የተዘጋጀ ሙሉ ምግብ ከሆነ ምንም አይጨምሩበት። ቤት ውስጥ የሚያበስሉለት ከሆነ ግን በቀን የሚሰጡትን ጽፈው ለእንስሳት ሐኪም ያሳዩና የካልሲየሙን መጠን ያስወስኑ። ሳንባና ጉበትም ጥሬውን አይስጡ፤ ውሃ የቋጠረ ከረጢት ያለበት ሳንባ ውሻውን የትል መኖሪያ ያደርገዋል፣ የትሉ እንቁላል ደግሞ ከውሻው ወደ ልጆችዎ ይተላለፋል። በደንብ ይቀቀል።

ክብደቱንም ይዩ። ጎኑን በእጅዎ ሲዳብሱ የጎድን አጥንቶቹ ካልተሰሙዎት ወፍሯል ማለት ነው፤ ጎረቤት ቢያደንቀውም ይቀንሱለት። መኪና ወይም ብስክሌት ተከትሎ እንዲሮጥ ማድረግ፣ ደረጃ ማመላለስ፣ ከከፍታ ማዘለል አንድ ዓመት ተኩል እስኪሞላው ይቆዩ።

ምግቡ ትክክል ሆኖ ካነከሰስ? ሕመሙ ዛሬ በአንዱ እግር፣ ከሳምንታት በኋላ በሌላው የሚታይ ከሆነ በሚያድጉ ውሾች ላይ የተለመደ የረጃጅም አጥንቶች ሕመም ሊሆን ይችላል፤ ብዙውን ጊዜ በራሱ ያልፋል። በአንድ እግር ላይ ከጸና፣ ከተኛበት ለመነሣት ከተቸገረ፣ ወይም ሲሮጥ የኋላ እግሮቹን እንደ ጥንቸል አጣምሮ ከዘለለ ግን ራጅ ያስነሡት፤ የዳሌ ወይም የክርን መገጣጠሚያ ችግር ሊሆን ይችላል። ከቤት መድኃኒት ሳጥን ዳይክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን አንሥተው አይስጡት። የውሻን ጨጓራና ኩላሊት ይጎዳሉ።

ሆዱ እንደ ከበሮ ተነፍቶ ሊያስመልስ ይታገላል፣ ከለሃጭ በቀር ግን የሚወጣ የለም

ማንበብዎን ያቁሙና ወደ ሐኪም ይውሰዱት። ጨጓራው በአየር ተሞልቶ ዞሯል፣ የደም ዝውውሩም ታንቋል፤ የሚያድነው ቀዶ ጥገና ነው፣ ጊዜውም የሰዓታት ጉዳይ ነው። ዘይት ማጠጣት ወደ ሳንባው ሊገባ ከመቻሉም በላይ ሰዓቱን ይበላል። ደረተ ጥልቅ የሆኑ ትልልቅ ውሾች ለዚህ የተጋለጡ ናቸው፤ ዘበኛው ማታ አንድ ጊዜ ሙሉ ድስት የሚያቀርብለት፣ እሱም በጥድፊያ የሚውጥ ውሻ ደግሞ የበለጠ። ምግቡን በቀን ለሁለት ወይም ለሦስት ይክፈሉት፣ ከበላ በኋላ ይረፍ። በአካባቢዎ ሌሊት የሚሠራ፣ ቀዶ ጥገናም የሚያደርግ ሐኪም ማን እንደሆነ ዛሬውኑ ይጠይቁ።

ቡችላው ያስመልሳል፣ ደም የቀላቀለ ተቅማጥ አለው

ፓርቮ የተባለውን፣ አንጀትን የሚያጠቃ የቫይረስ በሽታ ይጠርጥሩ። ሮትዋይለር ለዚህ ቫይረስ ከብዙዎቹ ዝርያዎች ይልቅ ይሸነፋል። ፈሳሽ በደም ሥር ማግኘት አለበት፤ እስከ ነገ አይጠብቁ። ክትባቱ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ባለው ዕድሜ ይጀመርና በየ3 ወይም 4 ሳምንቱ እየተደገመ ቢያንስ እስከ 16ኛው ሳምንት ይቀጥላል፤ «አንድ ጊዜ ተከትቧል» ብሎ የሸጠልዎት ሰው ሥራውን አልጨረሰም። ቫይረሱ በአፈር ውስጥ ከዓመት በላይ ሊቆይ ስለሚችል ውሻ በፓርቮ በሞተበት ግቢ ያልተከተበ ቡችላ አያስገቡ። ሲሚንቶውንና ሳህኑን በ30 እጅ ውሃ በተበጠበጠ አንድ እጅ በረኪና ይጠቡ።

ቤተኛውንም እንግዳውንም ይነክሳል

ቀን በሰንሰለት አስሮ ከሰው ዓይን መሰወር፣ ማታ መፍታት የተለመደ ነው። እንዲህ ያደገ ውሻ ጠባቂ ሳይሆን ፈሪ ይሆናል፤ የማያውቀውን ሁሉ በጥርስ ይመልሳል። ቡችላ ዓለምን የሚለምደው በዋናነት ከ3ኛው እስከ 14ኛው ሳምንት ገደማ ነው። ክትባቱ ስላላለቀ የባዘኑ ውሾች የሚረግጡት መሬት ላይ አያውርዱት እንጂ ታቅፈው ያውጡት፤ ሕፃን፣ ጃንጥላ የያዘ ሰው፣ ባጃጅ፣ ነጠላ የለበሱ እናት ይይ። ጥሩ ጠባቂ የሚያስፈራውን የሚለየው የማያስፈራውን ስለሚያውቅ ነው።

ውሻ በበላበት ይጮኻል ይባላል። ዘበኛው ብቻ የሚያበላው ውሻ የሚታዘዘው ለዘበኛው ነው፤ ዘበኛው ሥራ ሲለቅ ባለቤቱ በገዛ ግቢው እንግዳ ይሆናል። እርስዎ ራስዎ ይመግቡት፤ ልጆችዎም በእርስዎ ፊት ሆነው ይመግቡት። ሲያጉረመርምም አይምቱት፤ ማጉረምረም ማስጠንቀቂያ ነውና እሱን በዱላ ካስተዉት ቀጥሎ ያለማስጠንቀቂያ ይነክሳል። ያደገና የለመደበት ከሆነ አፍ ማሰሪያ፣ ጠንካራ የውስጥ አጥርና ባሕርይ የሚያውቅ አሠልጣኝ ያስፈልጋል።

ሰው ከነከሰ ቁስሉን በሳሙናና በሚወርድ ውሃ ለ15 ደቂቃ ያጥቡ፣ ሳይዘገዩም ጤና ተቋም ይሂዱ። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለውም። ውሻው የተከተበ ቢሆንም ለ10 ቀን ተዘግቶ ይታይ፤ አይግደሉት፣ አይጥፋብዎትም። የመጀመሪያው የእብድ ውሻ ክትባት በ3 ወሩ ይሰጣል፣ ከዓመት በኋላ ይደገማል።

ክርኑ ላይ ፀጉሩ ረግፎ ቆዳው ደንድኗል

ሲሚንቶ ላይ ስለሚተኛ ነው። ጭድ ወይም ወፍራም ምንጣፍ ያንጥፉለት፣ እርጥብ ሲሆን ይቀይሩት።