ከንስሐ ለዓመታት ርቀህ ከሆነ፣ እንዲህ ተመለስ

ኮምቦልቻ የምሠራ መካኒክ ነኝ። ይህን የምጽፈው "መጀመሪያ ልስተካከል፣ ከዚያ ወደ እግዚአብሔር እመለሳለሁ" እያለ ለተቀመጠ ሰው ነው። እኔ እንዲህ እያልኩ ዘጠኝ ዓመት ተቀምጫለሁ። "አንተ" እያልኩ ብጽፍም እህቴ፣ ለአንቺም ነው።

የራሴን ላስቀድም። ደሴ እያለሁ የሠላሳ ሰው እቁብ ጸሐፊ ነበርኩ። በወር 600 ብር ይጣላል። አንድ ወር ዕጣው ለአንዲት በርበሬ ሻጭ እናት ወጣና 18,000 ብሩ እኔ ጋ አደረ። አላደረስኩላትም። መጠጥ ነበረብኝ፣ ቁማርም ነበረብኝ። ብሩ ሦስት ሳምንት አልቆየም። ከዚያ በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለውን የሐረጎን ዳገት ወርጄ ኮምቦልቻ ገባሁ። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ግን ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ተመልሼ አልወጣሁትም። የሠራሁትን መኪና ለመሞከር ስነዳ እንኳ ዳገቱ ሥር ስደርስ አዞራለሁ።

እግዚአብሔርን አልካድኩም። ጾም ሲገባ እጾማለሁ። በቤተ ክርስቲያን ደጅ ሳልፍ እሳለማለሁ። ንስሐ አባቴ ጋ ግን ድርሽ አልልም። ብሩን አጠራቅሜ ስከፍል፣ መጠጡንም ስተው፣ ያኔ ንጹሕ ሆኜ እቀርባለሁ እል ነበር። ብሩ አልተጠራቀመም። መጠጡንም አልተውኩም።

እንግዲህ የመጀመሪያው ነገር፦ ራስህን አጥበህ ለመቅረብ አትሞክር።

ይህን ከሥራዬ ነው የተማርኩት። ዘይት የሚያፈስ መኪና ይዘው የሚመጡ ሰዎች አሉ። ጋራዥ ከመግባታቸው በፊት ሞተሩን ያሳጥቡታል። ቆሽሾ እንዳላየው አፍረው ነው። ሞተሩ ሲያበራ ደስ ይላል። ግን ዘይቱ ከየት እንደሚያፈስ የሚያሳየኝ ያ ጥቁር ዱካ ነበር። ከጋስኬት ይሁን ከዘይት ማገጃው ጎማ (ኦይል ሲል) በምን ልወቀው? አስነስቼ እስኪያፈስ ቁጭ ብዬ መጠበቅ ነው። አንድ ቀን እንዲህ ታጥቦ የመጣ ሞተር ሥር ተኝቼ ሳለ ነው ስለ ራሴ ያሰብኩት። የእኔም ነገር ይኸው ነው፤ ታጥቤ ካልቀረብኩ እያልኩ ነው የማልቀርበው።

ቀጥሎ የሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 15ን አንብብ። የጠፋውን ልጅ ታሪክ ታውቀዋለህ። ግን አሁን ቁጥር 19ን እና ቁጥር 21ን አጠገብ ለአጠገብ አድርገህ አንብባቸው። ልጁ ከእሪያዎቹ ዘንድ ሳይነሳ የሚናገረውን አዘጋጅቷል። በደልሁ ይላል፣ ልጅህ ልባል አይገባኝም ይላል፣ መጨረሻ ላይ "ከሞያተኞችህ እንደ አንዱ አድርገኝ" ሊል ነው። ሠርቼ ልኑር ማለቱ ነው። አባቱ ፊት ሲደርስ ግን ያቺን የመጨረሻዋን አላላትም። አባትየው ከሁሉ የተሻለውን ልብስ አምጡ ብሎ ባሪያዎቹን አዘዘ። እኔ ሳነበው፣ አባቱ ያቺን ቃል እንዲጨርሳት ጊዜ አልሰጠውም። ደግሞ ቁጥር 20ን ተመልከት። "ገና ሩቅ ሳለ" ነው አባቱ አይቶት የሮጠው። ልጁ ገና አልታጠበም። ይቅርታም አልጠየቀም። ቅዱስ ጳውሎስም በሮሜ 5፥8 ክርስቶስ የሞተልን "ገና ኃጢአተኞች ሳለን" ነው ይላል። "ገና" የምትለውን ቃል ሁለቱም ቦታ በእርሳስ አስምርባት። እኔ አስምሬባታለሁ።

የደሴ ልጅ ከሆንክ ይህ ነገር ለአንተ ቅርብ ነው። ንጉሥ ሚካኤል ደሴ ላይ ያሠሩት የግብር አዳራሽ ስሙ አይጠየፍ ነው። ድሃና ጌታ ሳይለይ ሁሉ ገብቶ ስለሚበላበት ነው እንዲህ የተባለው ሲሉ አባቶቻችን ነግረውናል። ልጅ ሆኜ በአጠገቡ ስመላለስ የስሙን ነገር ልብ አላልኩትም። በዚያው በሉቃስ 15 መጀመሪያ ላይ ፈሪሳውያን ጌታን የከሰሱት "ይህስ ኃጢአተኞችን ይቀበላል ከእነርሱም ጋር ይበላል" ብለው ነው። ለእነርሱ ክስ ነበር። ለእኔ ግን ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ልሰማው የሚገባኝ የምሥራች ነበር።

አሁን ወደ መሄዱ እንምጣ። ንስሐ አባትህ ካረፉ ወይም አገር ከቀየሩ፣ የአጥቢያህን ሰበካ ጉባኤ ጽሕፈት ቤት ጠይቅ፤ ካህን ያገናኙሃል። የንግሥ ቀን አትሂድ። እኔ ስሄድ አጋጣሚው ወር በገባ በ27 ስለነበር የደሴ መድኃኔዓለም ግቢው ጢም ብሏል። ካህናቱ መተንፈሻ የላቸውም። ቀርቤ ሳላናግራቸው ልመለስ ምንም አልቀረኝም ነበር። የሥራ ቀን ከሰዓት በኋላ ይሻላል። አስቀድመህ ደውል። ስልክ ላይ ዝርዝር አታውራ። "አባቴ፣ ንስሐ ልገባ እፈልጋለሁ፣ ብዙ ጊዜ ሆኖኛል" በቂ ነው።

ፊታቸው ስትደርስ ምክንያት አታስቀድም። እኔ "ጓደኞቼ ናቸው ያበላሹኝ" ብዬ ልጀምር ነበር። ንስሐ አባቴ የእጅ መስቀላቸውን አሳልመውኝ "ልጄ፣ እህል ቀምሰሃል?" ብለው ጠየቁኝ። በዘጠኝ ዓመቱ የመጀመሪያው ጥያቄያቸው ይህ ሆነ። አለቀስኩ። ከዚያ በኋላ ምክንያቱ ሁሉ ጠፋብኝ። "የእቁብ ብር በልቻለሁ" አልኩ። አንተም ኃጢአቱን በስሙ ጥራው። "አንዳንድ ጥፋቶች አሉብኝ" አይባልም። የራስህን እንጂ የሰው አትናዘዝ። እንዳይረሳህ ከፈራህ በወረቀት ጽፈህ ያዝ፣ ስትጨርስ ቅደደው። የነገርካቸውን ካህኑ ለማንም አያወጡም። ሲጨርሱ "እግዚአብሔር ይፍታህ" ይሉሃል። ይህችን ስትሰማ አትቸኩል፣ ቆመህ ስማት።

ቀኖና ይሰጥሃል። ለእኔ አርባ ቀን ስግደትና የዳዊት መዝሙር ነበር፤ በየማታው "ተሣሃለኒ እግዚኦ" የሚለውን። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፣ እኔም ተሳስቼ ነበር። ቀኖናን እንደ ዕዳ ክፍያ ቆጥሬ፣ አንድ ማታ ስግደት ሲቀረኝ የእግዚአብሔር ፍቅርም የተቀነሰብኝ ይመስለኝ ነበር። ንስሐ አባቴን ስነግራቸው "ቀኖና መድኃኒት ነው፣ ዋጋ አይደለም። ዋጋው በመስቀል ተከፍሏል" አሉኝ። ክኒን የሚዋጠው ለመዳን ነው። ሐኪሙ እንዲወድህ ብለህ አትውጠውም።

የበደልከው ሰው ካለ ደግሞ ትከፍላለህ። እግዚአብሔር በነፃ ወዶኛል ብለህ የሰው ገንዘብ ይዘህ አትቀመጥ። ዘኬዎስን አስታውስ። ጌታ ዛሬ በቤትህ ልውል ይገባኛል ያለው አስቀድሞ ነው። አራት እጥፍ እመልሳለሁ ያለው ከዚያ በኋላ ነው። ቅደም ተከተሏን ያዛት።

ሴትየዋን ፈልጌ አገኘኋት። ሙስሊም ናት፣ አሁንም ደሴ ገበያ በርበሬ ትሸጣለች። በመጀመሪያው ቀን 3,000 ብር ይዤ ሄድኩ። ተቀብላ ቆጠረች፣ ደግማ ቆጠረች፣ ከመቀነቷ አሰረች። "የቀረውስ?" አለችኝ። ሌላ ምንም አላለችም። ቡና ተፈልቶ ነበር፣ ቁጭ በል አላለችኝም። ልክ ነበረች። ያን ዓመት በዚያ ብር ልጇን ልታስታርስ እንደነበር በኋላ ሰምቻለሁ። እግዚአብሔር ይቅር ሲልህ ሰውም በዚያው ቀን ይቅር ይበለኝ ብለህ አትጠብቅ። በየወሩ እየወጣሁ ስከፍል ቆየሁ። የመጨረሻውን ስሰጣት "አውፍ ብዬሃለሁ" አለችና በርጩማ ሳበችልኝ።

አንድ ነገር ቀረኝ። ከተመለስክ በኋላ ልትወድቅ ትችላለህ። እኔ በሁለተኛው ወር አንድ ማታ ጠጣሁ። ጠዋት ስነቃ ያ የድሮው ሐሳብ መጣ፦ ትንሽ ቆይ፣ ሁለት ሦስት ወር ንጹሕ ሆነህ ቆይና ያኔ ሂድ። አንተም ይህን ድምፅ ትሰማዋለህ። ስትሰማው በዚያው ቀን ስልኩን አንሳ። እኔ ከጋራዡ ሆኜ ደወልኩ። "አባቴ፣ ወደቅሁ" አልኳቸው። "ከሰዓት አለሁ፣ ና" አሉኝ። ግሪስ የነካው ቱታዬን ሳልቀይር በዘጠኝ ሰዓቱ ሚኒባስ ሐረጎን ወጣሁ።