ሕፃናትን ለሳንባ ምች የሚያጋልጡ የክትባት ስህተቶች

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው፣ በ2019 ብቻ ከ740 ሺህ በላይ ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት በሳንባ ምች ሞተዋል። አብዛኞቹ የድሃ አገር ልጆች ናቸው። በጣም የሚያንገበግበው ግን ክትባቱ ባለበት ቦታ እንኳ ሳይከተቡ የሚቀሩ ልጆች መኖራቸው ነው። የሚያስቀራቸውም ብዙ ጊዜ ቀላል የሚመስል ስህተት ነው።

የመጀመሪያው ከስሙ ይጀምራል። «ምች» ሲባል ፀሐይ ወይም ነፋስ የመታው ሰው ትዝ ይለናል። ስለዚህ ልጁን ደራርበን አልብሰን ጉዳዩ ያለቀ ይመስለናል። ማልበሱ ክፋት የለውም። በሽታውን የሚያመጡት ግን ባክቴሪያዎችና ቫይረሶች ናቸው። ከባክቴሪያዎቹ ዋና ዋናዎቹ ኒሞኮከስና ሂብ ይባላሉ። ለኒሞኮከስ ፒሲቪ የተባለው ክትባት አለ። የሂብ መከላከያ ደግሞ አምስት በሽታዎችን በአንድ መርፌ በሚከላከለው በፔንታቫለንት ውስጥ አለ።

«ፒሲቪ ወስዷል፣ በቃው» የሚሉም አሉ። አይበቃውም። ትክትክም ኩፍኝም ሳንባ ላይ ይወርዳሉ። በኩፍኝ የሚሞቱ ሕፃናት ብዙዎቹን የሚገድላቸው ተከትሎ የሚመጣው የሳንባ ምች ነው። ስለዚህ የኩፍኝ ክትባትም የሳንባ ምች መከላከያ ነው።

አሁን በጣም የሚያበሳጨኝን ልንገራችሁ። «ጉንፋን ይዞታል፣ ሲሻለው እንመለሳለን።» ቀላል ጉንፋን፣ ሳል፣ ትንሽ ትኩሳት ወይም ተቅማጥ ክትባት አይከለክልም። ሕፃን ልጅ ጉንፋን የሚለቀው መቼ ነው? አንዱ ሲሄድ ሌላው ይመጣል። «ይሻለው» እየተባለ የመጀመሪያዎቹ ወራት ያልፋሉ፣ የሳንባ ምች ደግሞ በጣም የሚበረታው በእነዚያ ወራት ነው። ያለጊዜው የተወለደ ወይም ክብደቱ ያነሰ ልጅም «ይጠንክር» ተብሎ አይቆይም። ዕድሜው ከተወለደበት ቀን ይቆጠራል፣ እንዲያውም ከሌሎቹ ይበልጥ ያስፈልገዋል። በጠና የታመመ ልጅ፣ ወይም ባለፈው ክትባት ከባድ አለርጂ የታየበት ልጅ ሌላ ጉዳይ ነው። እሱንም የሚወስነው ባለሙያ እንጂ እኛ እቤት ተቀምጠን አይደለም።

ቀጠሮ ያለፈባቸው ወላጆች ደግሞ ያፍራሉ። ከባዶ የሚጀመር ስለሚመስላቸው እስከነጭራሹ ይተዉታል። በብዙ አገሮች ፒሲቪ በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት ይሰጣል። በአንዳንዶቹ በ6 እና በ14 ሳምንት፣ ከዚያም በ9 ወር ነው። ቢዘገይም ካቆመበት ይቀጥላል እንጂ እንደገና አይጀመርም። ዘግይታ የመጣችን እናት የሚቆጣ ባለሙያም እዚህ ላይ ጥፋተኛ ነው። አንዴ በሰው ፊት ያሸማቀቃት እናት ለሚቀጥለው ቀጠሮ ላትመጣ ትችላለች።

«ሁለት መርፌ ባንድ ቀን ይከብደዋል» ብሎ አንዱን ማስቀረትም የተለመደ ነው። ፒሲቪና ፔንታቫለንት በሁለት ጭን ላይ በአንድ ቀን መሰጠታቸው ጉዳት የለውም። ልጁ ትንሽ ያለቅሳል፣ ጡት ሲይዝ ይረሳዋል።

ወላጅ የማያያቸው ስህተቶችም አሉ። ፒሲቪም ፔንታቫለንትም ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለ ቅዝቃዜ መቀመጥ አለባቸው። ብዙ ሰው የሚፈራው ሙቀቱን ብቻ ነው፣ ግን በረዶ ከሆኑም ይበላሻሉ። ኩፍኝ ላይ ደግሞ የሚያጋጥመው ሌላ ነው። አንዱ ብልቃጥ ለብዙ ልጆች የሚሆን ዱቄት ነው፤ በፈሳሽ ከተበጠበጠ በኋላ ከ6 ሰዓት በላይ ስለማይቆይ፣ «ለአንድ ልጅ አልከፍትም» ተብሎ እናት ባዶዋን ትመለሳለች። የሚደፋው መድኃኒት ያሳዝናል፣ እሷ ተመልሳ ካልመጣች የሚከፈለው ዋጋ ግን ይበልጣል።

በመጨረሻም «ተከትቧልና አይዘውም» ብሎ መዘናጋት አለ። በጋምቢያ ተደርጎ በ2005 ውጤቱ በወጣ ትልቅ ጥናት፣ የኒሞኮከስ ክትባት በራጅ የተረጋገጠ የሳንባ ምችን በ37 በመቶ፣ የሕፃናትን ሞት ደግሞ በ16 በመቶ ቀንሷል። ይህ ትልቅ ለውጥ ነው። ግን በሽታውን ሙሉ በሙሉ አያስቀርም፣ ምክንያቱም ቫይረሶችና ሌሎች ባክቴሪያዎችም ያመጡታል።

ስለዚህ የተከተበ ልጅም ሲያስለው ልብሱን ገልጣችሁ ደረቱን እዩ። ሳያለቅስ፣ ተረጋግቶ ሳለ፣ ትንፋሹን አንድ ደቂቃ ሙሉ ቁጠሩ። ከ2 ወር በታች ላለ 60፣ ከ2 ወር እስከ አንድ ዓመት 50፣ ከዚያ እስከ አምስት ዓመት 40 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ፈጥኗል ማለት ነው፣ በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት። ደረቱ ወደ ውስጥ የሚሰረጉድ ከሆነ ወይም ጡት መጥባት ካቃተው ሌሊትም ቢሆን ሳይነጋ ውሰዱት።