አባይ በረሃ ወርዶ የዳይኖሰር አጥንት ለመፈለግ

ደጀን ከተማ ላይ ቆማችሁ ዳይኖሰር አትፈልጉ። ከላይ ያለው ጥቁር ድንጋይ የእሳተ ገሞራ ፍሳሽ ነው። ዕድሜው 30 ሚሊዮን ዓመት አካባቢ ነው፤ ዳይኖሰሮቹ ግን ካለቁ 66 ሚሊዮን ዓመት ሆኗቸዋል። ስለዚህ ቁልቁለቱን መውረድ ግድ ነው።

ጊዜው ክረምቱ ጎርፉን ጨርሶ ሲወጣ፣ ከጥቅምት ወዲህ ቢሆን ይሻላል፤ ዝናቡ ያጠበው ሸለቆ አዲስ ነገር ያወጣል፣ ሙቀቱም ትንሽ ይታገሳችኋል። ውኃ ያዙ፣ የአካባቢውን ሰው ሳትጠይቁ አትግቡ።

የኖራ ድንጋዩ የጥንት ባሕር ወለል ነው። ዛጎል ሞልቶታል፣ ያምራል፣ ለእኛ ግን ብዙም አይረባም። ጀሶውንም እለፉት። ዓይን የሚጣልበት ከኖራው በላይ ያለው ጭቃማና አሸዋማ ድንጋይ ነው፣ ምክንያቱም አብዛኛው ወንዝ በየብስ ላይ ያከማቸው ነው። ከወንዙ ማዶ ሸዋ በኩል፣ የሙገር ጭቃ ድንጋይ ከሚባለው ውስጥ፣ የሥጋ በል ዳይኖሰር ጥርሶች ተገኝተዋል። ማዶ ከተገኘ ወዲህ የማይገኝበት ምክንያት አይታየኝም።

አጥንቱን እንዴት ታውቁታላችሁ? ቀላልና ነጭ ከሆነ የከብት ነው፣ ተዉት። ቅሪተ አካል ከባድ ነው፤ ቀለሙም የድንጋዩን ይመስላል። የተሰበረበትን ጎን አገላብጣችሁ እዩ፤ ጥቃቅን ቀዳዳ ከሞላው ልብ በሉ። የሥጋ በል ጥርስ ደግሞ ጠፍጣፋ፣ ወደ ኋላ የጎበጠ፣ ጠርዙ እንደ ማጭድ ጥርስ ጥርስ ያለው ነው።

«ቁራጭ አጥንት ምን ያደርጋል?» ለምትሉ፣ ሄሬራሳውረስ የተባለውን ዳይኖሰር ተመልከቱ። አርጀንቲና ውስጥ ቪክቶሪኖ ሄሬራ የሚባል የፍየል እረኛ ነው መጀመሪያ ያየው። በ1963 (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) በስሙ ሲጠራ በእጅ ያለው ያልተሟላ አጽም ነበር፣ ምሁራኑም የየትኛው ዘር እንደሆነ ሲከራከሩ ዓመታት አለፉ። ሙሉ ጭንቅላት የተገኘው በ1988 ነው። 231 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ያስቆጠረ፣ ከጥንቶቹ አዳኝ ዳይኖሰሮች አንዱ ማለት ነው። እውነቱን ለመናገር እኛ ጋር እሱን አትጠብቁ፤ የሙገሩ ድንጋይ በጣም ዘግይቶ የተከማቸ ነው።

አሁን ዋናው ነገር። ካገኛችሁ አትቆፍሩ፣ አትንቀሉ፣ ለማስታወሻ ብላችሁም ኪሳችሁ አትክተቱ። አጥንቱ የወጣበት ንብርብር ካልታወቀ ዕድሜውም አብሮ ይጠፋል። አጠገቡ ሳንቲም አስቀምጡና በስልክ አንሱት፣ ከዚያ ራቅ ብላችሁ ገደሉን በሙሉ አንሱ፣ ቦታውን በካርታው ላይ አስቀምጡ። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት በድንገት የተገኘ ቅርስ ለቅርስ ባለሥልጣን መነገር አለበት። ወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ሂዱና በጽሑፍ አመልክቱ፤ ፎቶውን አያይዙ፣ የደረሰኝ ቁጥርም ጠይቁ።