ጥቅስ ከመምዘዝዎ በፊት፦ ቅዱሳት መጻሕፍት ሲነበቡ የሚሠሩ ስህተቶች

የሃይማኖት ክርክር አይተው ከሆነ ይህን ልብ ብለው ይሆናል፤ አብዛኛው ተከራካሪ መጽሐፉን አንብቦ አይመጣም። ጥቅስ ይዞ ነው የሚመጣው። ጥቅሱን ያገኘውም ከሌላ ተከራካሪ ነው።

የራስን መጽሐፍ እንዲህ ማንበብ ያሳስታል። የሌላውን ሲሆን ግን ይብሳል። በራሳችን መጽሐፍ ስንሳሳት የሚያርመን ሰው አይጠፋም፤ ካህኑ፣ ሼኹ፣ ረቢው፣ መምህሩ አለ። በሌላው መጽሐፍ ስንሳሳት ግን ዙሪያችንን ያሉት የሚያጨበጭቡልን ናቸው። ከዚህ በታች ያሉት ስህተቶች አብዛኞቹ ከዚሁ የሚመነጩ ናቸው።

ቆርጦ መሄድ

«አምላክ የለም» የሚል ቃል መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ አለ። መዝሙር 14፥1 ላይ ያገኙታል፤ ከፊቱ ያለውን «ሰነፍ በልቡ» የሚለውን ካልቆጠሩት ማለት ነው። ቁርኣንም ውስጥ «ወዮላቸው ለሰጋጆች» ይላል፤ ምዕራፍ 107፣ አንቀጽ 4። እዚያ ላይ ካቆሙ መስገድ ራሱ ጥፋት ሊመስልዎ ነው። አንቀጽ 5 ግን የትኞቹን ሰጋጆች እንደሚል ይነግርዎታል፤ ከስግደታቸው የሚዘናጉትን ነው።

በእነዚህ የሚሸወድ ሰው ጥቂት ነው። የሚያስቸግሩት ደስ የሚሉት ጥቅሶች ናቸው። ኤርምያስ 29፥11ን እንውሰድ። ለእናንተ ያለኝ አሳብ የሰላም እንጂ የክፉ አይደለም፣ ፍጻሜና ተስፋ እሰጣችኋለሁ ይላል። የምርቃት ካርድ ላይ አለ፣ ግድግዳ ላይ አለ፣ የስልክ ስክሪን ላይ አለ።

አሁን ምዕራፉን ሙሉውን ይክፈቱት። ደብዳቤ ነው። ኤርምያስ ከኢየሩሳሌም የላከው፣ ተማርከው ባቢሎን ለገቡ ሰዎች ነው፤ ምርኮው የሆነው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ597 ነው። ከፊቱ ምዕራፍ 28 ላይ ሐናንያ የሚባል ነቢይ ሌላ ነገር ተናግሯል፤ የባቢሎን ቀንበር በሁለት ዓመት ይሰበራል፣ ምርኮኞቹም ይመለሳሉ ብሏል። ሕዝቡ መስማት የሚፈልገው ይህንን ነበር። ኤርምያስ ግን ቤት ሥሩ፣ አትክልት ትከሉ፣ ልጆቻችሁን ዳሩ፣ ገና 70 ዓመት አለ ብሎ ጻፈ። ደብዳቤው ሲነበብ 30 ዓመት የሞላው ሰው መመለሱን በዓይኑ አያይም። ተስፋው የልጆቹና የልጅ ልጆቹ ነው። «ነገሬ በቅርቡ ይሳካል» ብሎ ጥቅሱን የሚለጥፍ ሰው ሳያውቀው ከሐናንያ ጎን ቆሟል።

ማቴዎስ 4 ላይ ዲያብሎስ ራሱ ከመዝሙር 91 ይጠቅሳል። ኢየሱስን ከቤተ መቅደሱ ጫፍ ራስህን ወርውር የሚለው ጥቅስ ይዞ ነው። ጥቅሱ እውነተኛ ጥቅስ ነው። የጠቀሰበት ነገር ነው ጠማማው።

አንድ የሚረሳ ነገር አለ። ዛሬ የምናውቃቸው የአዲስ ኪዳን የቁጥር ክፍፍሎች የመጡት ሮቤር ኤስቲየን የተባለ አታሚ እ.ኤ.አ. በ1551 ካወጣው እትም ነው። ጳውሎስ ለፊልጵስዩስ ሰዎች ሲጽፍ ቁጥር አልነበረም። «ሁሉን እችላለሁ» ያለው ሰው እስረኛ ነበር፤ ከዚያ በፊት ባለው ዓረፍተ ነገር መጥገብንም መራብንም ተምሬአለሁ ይላል። ስለ ማሸነፍ ሳይሆን ችሎ ስለ መታገሥ ነው የሚያወራው። ስለዚህ ቢያንስ ምዕራፉን ሙሉ ያንብቡ። ደብዳቤ ከሆነ ደግሞ እንደ ደብዳቤ ከሰላምታው ይጀምሩ።

የሌላው መጽሐፍ የእኔን ይመስላል ማለት

ከዘፍጥረት የለመደ ሰው ቁርኣንን ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ እንደ ታሪክ ሊያነበው ይሞክራል። ብዙ ሳይሄድ ግራ ይገባዋል። የቁርኣን 114 ምዕራፎች በጊዜ ቅደም ተከተል አልተደረደሩም። ከመክፈቻው አጭር ምዕራፍ በኋላ በአብዛኛው ከረጅሙ ወደ አጭሩ ነው የሚሄዱት፤ ሁለተኛው 286 አንቀጽ አለው፣ መጨረሻ አካባቢ ሦስት አንቀጽ ብቻ ያላቸው ታገኛላችሁ። በእስልምና ትውፊት መጀመሪያ ወረደ የሚባለው ቃል ያለው 96ኛው ምዕራፍ ላይ ነው። «የነቢዩ የሕይወት ታሪክ የት አለ?» ብሎ የሚጠይቅም አለ። ሙሐመድ የሚለው ስም በቁርኣን የተጠቀሰው አራት ጊዜ ብቻ ነው። ሕይወታቸው የሚነገረው በሐዲስ፣ ማለትም በንግግራቸውና በተግባራቸው ዘገባ፣ እና በሲራ፣ ማለትም በሕይወት ታሪካቸው መጻሕፍት ነው።

በተቃራኒው፣ ከቁርኣን የመጣ አንባቢ አራት ወንጌሎች አንዱን ታሪክ በተለያየ መልክ ሲናገሩ ይደነግጣል። ለሙስሊም ቁርኣን የአላህ ንግግር ነው። ለክርስቲያን ግን ሥጋ የሆነው ቃል ክርስቶስ ራሱ ነው፤ ወንጌላውያኑ ስለ እርሱ የሚመሰክሩ ናቸው። ምስክሮች ደግሞ ይለያያሉ። ስለዚህ ቁርኣንንና መጽሐፍ ቅዱስን ጎን ለጎን አስቀምጦ «የትኛው ይሻላል» ማለት፣ ሥራቸው አንድ ያልሆነ ነገሮችን ማወዳደር ነው።

ሌሎች ጋ ሲኬድ ልዩነቱ ይሰፋል። የሂንዱ ቅዱሳት መጻሕፍት የሆኑት ቬዳዎች ለረጅም ዘመን የኖሩት በወረቀት ሳይሆን በቃል ነው፤ እያንዳንዱ ድምፅ ሳይዛባ ከአፍ ወደ ጆሮ እየተላለፈ። የሲክ እምነት ቅዱስ መጽሐፍ፣ ጉሩ ግራንት ሳሂብ፣ 1430 ገጽ ነው። አብዛኛው የተደረደረው በርዕስ ሳይሆን በዜማ ስልት ነው፤ የሚዘመር ነውና። ሲኮች ከ1708 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሕያው መምህራቸው አድርገው ያከብሩታል። ውስጡ ደግሞ እንደ ሙስሊሙ ሼኽ ፈሪድ ያሉ የሌላ እምነት ሰዎች ግጥም አለ። ይህን መጽሐፍ በጸጥታ ቁጭ ብሎ በዓይን ብቻ የጨረሰ ሰው አነበብኩት ቢል፣ ትንሽ ቆይ ነው የምለው።

ለቅሶውንም ሕጉንም በአንድ ዓይን ማየት

መዝሙር 137 የሚያልቀው በሚዘገንን ቃል ነው፤ የባቢሎንን ሕፃናት በዓለት ላይ የሚፈጠፍጥ የተመሰገነ ነው ይላል። ተከራካሪ ይህን መዝዞ «መጽሐፋችሁ ሕፃን ግደሉ ብሎ ያዛል» ይላል። አያዝም። ከተማው የነደደበት፣ ወንዝ ዳር ተቀምጦ የሚያለቅስ ምርኮኛ ጩኸት ነው። ቃሉ ለስላሳ ነው ማለቴ አይደለም፤ አይደለም። ግን ጩኸትን እንደ አዋጅ ማንበብ ስህተት ነው።

ምሳሌ 26 ላይ ደግሞ ይኸው፦ ቁጥር 4 «ለሰነፍ እንደ ስንፍናው አትመልስለት» ይላል። ቁጥር 5 «ለሰነፍ እንደ ስንፍናው መልስለት» ይላል። ጎን ለጎን! ያቀናበረው ሰው አላየውም ብለው ያስባሉ? ተረትና ምሳሌ ሕግ አይደለም። መቼ ዝም እንደሚሉ፣ መቼ እንደሚመልሱ መለየት የአንባቢው ሥራ ነው።

ትርጓሜውን መዝለል

ለእኔ ትልቁ ስህተት ይህ ነው። «እኔና መጽሐፉ ብቻ» የሚል ንባብ ንጹሕ ይመስላል። ግን መጽሐፉን ለዘመናት ይዘው የኖሩት ሰዎች ምን አሉ?

ዘዳግም 21፥18-21 እልከኛና ዐመፀኛ ልጅ በድንጋይ ይወገር ይላል። ይህን ያነበበ ሰው አይሁዳውያን ልጆቻቸውን ሲወግሩ ኖረዋል ብሎ ሊደመድም ይችላል። የረቢዎች ክርክርና ትርጓሜ የተሰበሰበበት ታልሙድ፣ ሳንሄድሪን በሚባለው ክፍሉ ገጽ 71ሀ ላይ ግን ረቢዎቹ ሕጉን በመስፈርት ላይ መስፈርት ሲከምሩበት ታያላችሁ። ረቢ ይሁዳ እናቱ ከአባቱ ጋር በድምፅ፣ በመልክ፣ በቁመት እኩል ካልሆነች ልጁ ዐመፀኛ አይባልም ይላል። እንዲህ ዓይነት ባልና ሚስት ከየት ይመጣሉ? አንድ አስተያየት በግልጽ፣ እንዲህ ያለ ልጅ ኖሮ አያውቅም፣ ወደፊትም አይኖርም፤ የተጻፈው ተጠንቶ ዋጋ እንዲገኝበት ነው ይላል። እዚያው ገጽ ላይ ግን ረቢ ዮናታን አይቼዋለሁ፣ መቃብሩም ላይ ተቀምጫለሁ ይላል። ታልሙድ ሁለቱንም አስቀምጧል። «ይሁዲነት እንዲህ ይላል» ለማለት የኦሪቱን ጥቅስ ብቻ የያዘ ሰው ገና ከበሩ አልገባም።

ይህ የአንድ ወገን ጠባይ አይደለም። በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን የአንድምታ ትርጓሜ አንዱ ንባብ «አንድም» እየተባለ ሁለት ሦስት ፍቺ ይሰጠዋል፤ አንዱ ሌላውን አያባርርም። የቁርኣን ተፍሲር፣ ማለትም ማብራሪያው፣ አንድ አንቀጽ በምን አጋጣሚ እንደወረደ ይጠይቃል። ለክርክር በብዛት የሚመዘዘውን 9፥5፣ አጋሪዎችን (ከአላህ ጋር ሌላ የሚያመልኩትን) ባገኛችሁበት ግደሉ የሚለውን፣ ሲያነቡ እንኳ 4 እና 6ን አብረው ይመልከቱ። 4 ቃል ኪዳናቸውን ያላፈረሱትን ለይቶ ያወጣል። 6 ደግሞ ከአጋሪዎቹ ጥበቃ የጠየቀህ ካለ የአላህን ቃል እስኪሰማ ጠብቀው፣ ከዚያ ወደሚተማመንበት ቦታ አድርሰው ይላል። ሊቃውንቱ ስለዚህ ክፍል ብዙ ተከራክረዋል፤ አንዱን መስመር ይዞ የሚሮጥ ሰው ግን ክርክሩ መኖሩንም አያውቅም።

የሂንዱዎች ቅዱስ መጽሐፍ ባጋቫድ ጊታም እንዲሁ ነው። 700 ያህል ስንኝ ነው፤ ጦር ሜዳ ላይ፣ በሁለት ሠራዊት መካከል የሚደረግ ንግግር። ቲላክ ለተግባርና ለትግል የሚጠራ አድርጎ አነበበው። ጋንዲ ሜዳው የሰው ልብ ነው፣ ጦርነቱም የውስጥ ነው አለ። ሁለቱም ሂንዱ፣ ሁለቱም ለሕንድ ነፃነት የታገሉ። «ጊታ ጦርነትን ይደግፋል ወይስ ይቃወማል?» የሚል ጥያቄ፣ በማን ንባብ የሚል ከሌለበት መልስ የለውም።

ተመሳሳይ ታሪክ ሲያገኙ «ኮፒ ነው» ማለት

የዮሴፍ ታሪክ ዘፍጥረት ከ37 ጀምሮ አለ፤ ቁርኣን ውስጥ ደግሞ 12ኛው ምዕራፍ፣ ዩሱፍ፣ ሙሉውን ስለ እርሱ ነው። ብዙ ሰው ሁለቱን አስተያይቶ ልዩነቱን «ስህተት» ብሎ ይመዘግባል። ይልቅ አባትየውን ይመልከቱ።

በዘፍጥረት፣ ወንድሞቹ በፍየል ደም የተነከረ ልብስ ሲያመጡለት ያዕቆብ ያምናል። ክፉ አውሬ በልቶታል ይላል፤ ልብሱን ቀድዶ ያለቅሳል። ከብዙ ዓመት በኋላ ዮሴፍ በሕይወት አለ ሲሉት ደግሞ ልቡ ይደነዝዛል፣ አያምናቸውም። ውሸቱን ያመነ አባት እውነቱን ማመን አቃተው። የታሪኩ ሕመም እዚያ ነው።

በቁርኣን ያዕቆብ ከመጀመሪያውም አይታለልም። ደም የነካውን ቀሚስ አይቶ ይህ የነፍሳችሁ ሥራ ነው ይላቸዋል፤ የእኔ ድርሻ መልካም ትዕግሥት ነው ይላል። መጨረሻ ላይ የዩሱፍን ሽታ የሚያሸተው ቀሚሱ ገና ሳይደርስ ነው። ቀሚሱ ፊቱ ላይ ሲጣል የጠፋው ዓይኑ ይበራል። ቀሚስ ሦስት ጊዜ ይመጣል፦ አንዴ በውሸት ደም፣ አንዴ ከኋላ ተቀድዶ የዩሱፍን ንጽሕና ሲመሰክር፣ አንዴ ዓይን ሲያበራ። አንዱ መጽሐፍ ስለተታለለ አባት ይነግረናል። ሌላው እያወቀ ስለሚታገሥ ነቢይ። «ማን ከማን ወሰደ» ብቻ እያለ የሚያነብ ሰው ሁለቱም ያመልጡታል።

የራስን ምርጥ ከሌላው መጥፎ ጋር ማወዳደር

እ.ኤ.አ. በ1985 የስቶክሆልም ጳጳስ የነበረው ክሪስተር ስተንዳል፣ ሰዎች ሞርሞን የሚባሉትን የእምነት ተከታዮች ቤተ መቅደስ ሲቃወሙ ሦስት ነገር ተናገረ። ስለ አንድ እምነት ማወቅ ከፈለጋችሁ ተከታዮቹን ጠይቁ እንጂ ጠላቶቹን አትጠይቁ። የእናንተን ምርጥ ከእነርሱ መጥፎ ጋር አታወዳድሩ። ከእነርሱ የምትቀኑበት ነገርም ይኑራችሁ። ሦስተኛው ከባድ ነው።

ለማሸነፍ ማንበብ

ፓሊ በሚባል ጥንታዊ የሕንድ ቋንቋ ከተጠበቁት የቡድሃ ንግግሮች አንዱ ይህን ስህተት በቀጥታ ይነካል። አንዳንዶች ትምህርቱን የሚማሩት ሌላውን ለመንቀፍና ክርክር ለመርታት ነው ይላል። እንዲህ ያለው ሰው እባብ ሲይዝ ጅራቱን እንደያዘ ነው፤ እባቡ ዞሮ ይነድፈዋል። የተነደፈው በእባቡ ጥፋት ሳይሆን በአያያዙ ነው። አንድ ቅዱስ መጽሐፍ እርሱን ራሱን በተሳሳተ መንገድ ማንበብ አንባቢውን እንደሚያቆስል ሲናገር ደስ ይለኛል።

የሌለ ጥቅስ ማሰራጨት

ይህኛው ቀላል ነው፤ ግን ከሁሉም ይበዛል። «እግዚአብሔር ራሳቸውን የሚረዱትን ይረዳል» የሚለው መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ የለም። «ዕውቀትን እስከ ቻይናም ሄዳችሁ ፈልጉ» የሚለውን የሐዲስ ሊቃውንት ደካማ ነው ይሉታል፤ ጨርሶ የተፈጠረ ነው የሚሉም አሉ። የቡድሃ ፎቶ ላይ ተጽፎ የሚዞረው ደግሞ ስንቱ ነው፤ ቡድሃ ያላለውን። ምዕራፍና ቁጥር ከሌለው ሼር አያድርጉት። ካለውም ከፍተው ይዩት፤ አንዳንዴ ቁጥሩ ላይ የሚያገኙት ፍጹም ሌላ ነገር ነው።