ለጤና ብለው ቆላ ሲወርዱ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

"ብርዱ ነው የጎዳሽ፣ ናዝሬት ውረጂ" ያልተባለ የቁርጥማት ወይም የአስም ሕመምተኛ አዲስ አበባ ውስጥ ማግኘት ይከብዳል። ምክሩ ባዶ አይደለም። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ አዳማ 1,600 ገደማ፣ ድሬዳዋ 1,200 ገደማ። ዝቅ ሲሉ ሙቀቱ ብቻ ሳይሆን ኦክስጅኑም ስለሚጨምር ሳንባው የደከመ ሰው እፎይ ይላል። ጥፋቱ የሚመጣው ከሙቀቷ ሌላ ስለ ከተማዋ ምንም ሳይጠይቁ ሲሄዱ ነው።

በታኅሣሥ አይቶ ቤት መግዛት። ድሬዳዋ በታኅሣሥ ታስጎመጃለች። ግንቦትና ሰኔን ግን ተከራይተው ይሞክሯት፤ የአዲስ አበባውን ቤት እስከዚያ አይልቀቁ። ኮርኒስ የሌለው ቆርቆሮ ቀን ቤቱን ምጣድ ያደርገዋል፤ ብሎኬቱ ደግሞ የጠጣውን ሙቀት ማታ ይመልሰዋል። መኝታ ቤቱ የምዕራብ ፀሐይ የሚመታው ከሆነ ይተዉት።

ወባን የገጠር በሽታ አድርጎ ማሰብ። ይህኛው ብዙዎችን ይጥላል፤ ደገኛ ሰውነት ወባን አልለመደምና። ከእስያ የመጣች፣ ሮቶና በርሜል ውስጥ የምትራባ የወባ ትንኝ እ.ኤ.አ. በ2016 ቀብሪደሃር ተገኝታ ኋላ ድሬዳዋም ታይታለች። ድሬዳዋ እ.ኤ.አ. በ2013 ደንጊ፣ በ2019 ቺኩንጉንያ የተባሉ፣ ትንኝ የምታስተላልፋቸውን የትኩሳት በሽታዎች ያስተናገደች ከተማ ናት፤ የእነዚህ ትንኝ ቀን ስለምትናከስ የሌሊት አጎበር ብቻውን አያድንም። በርሜሉን ይክደኑ፤ በየሳምንቱም ደፍተው ግድግዳውን በብሩሽ ይፈግፍጉ፣ እንቁላሉ እዚያ ይጣበቃልና። ትኩሳት ከያዘዎት በዚያው ቀን ደም ይመርመሩ። ደንጊ አለመሆኑ እስኪታወቅ ለቁርጥማት የያዙትን ዳይክሎፌናክ አይንኩ፣ ደም መፍሰስን ያባብሳል፤ ለትኩሳቱ ፓራሲታሞል ይበቃል።

ውሃውን አፍልቶ መጠጣት በቂ ነው ማለት። በስምጥ ሸለቆ ብዙ ጉድጓዶች ፍሎራይድ የሚባል ማዕድን አለ። የዓለም ጤና ድርጅት ወሰን በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው። ማፍላት አያስወጣውም፤ ውሃው እየተነነ ሲቀንስ እንዲያውም ያጠነክረዋል። ክሎሪንም አይነካው። ለዓመታት ሲጠጣ አጥንትና መገጣጠሚያ ያደርቃል፤ ለቁርጥማት ብሎ የወረደ ሰው ሌላ ቁርጥማት ሸመተ ማለት ነው። እዚያው ተወልደው ያደጉ ሰዎች ጥርስ የበለዘ ከሆነ ውሃው ከየት እንደሚመጣ ይጠይቁ። አዳማ የአዋሽን ውሃ አጣርታ ትጠጣለች፤ ለብቻ የተቆፈረ ጉድጓድ ግን ሳይመረመር አይታመንም።

ፀሐይን እንደ መድኃኒት መቁጠር። ለቫይታሚን ዲ ብቻ ከሆነ አይድከሙ፤ የአዲስ አበባ ፀሐይ ይበቃል፣ በረንዳ ላይ መውጣት ነው። አስም ያለበት ደግሞ የአዳማን ነፋስና አቧራ ያስብ።

መድኃኒቱን እንደነበረ ይዞ መሄድ። የደም ግፊት ኪኒን፣ በተለይ የሚያሸናው፣ ላብ ሲጨመርበት ግፊቱን አውርዶ ብድግ ሲሉ ያዞራል። መጠኑን ሐኪም ከመሄድዎ በፊትና በሄዱ በወሩ ይየው፤ በራስዎ አያቋርጡ። ያልተከፈተ ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለው የፍሪጅ ክፍል ይቀመጣል፣ በረዶ ቤቱ ውስጥ ግን በፍጹም። መብራት ሲጠፋ አንዱን ማሰሮ በሌላው ውስጥ አስገብተው መሃሉን በእርጥብ አሸዋ ይሙሉት፤ ብልቃጡን በላስቲክ ጠቅልለው በውስጠኛው ያስቀምጡ፣ አፉን በእርጥብ ጨርቅ ይሸፍኑ። ደረቅ አየር ባለበት ጥሩ ያቀዘቅዛል፤ አየሩ እርጥብ ሲሆን ግን ብዙ አይረዳም።