ለፍጥነት ብለው ከባድ ብረት ሲያነሱ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ስኳቱ (ብረት በትከሻ ተሸክሞ ቁጭ ብድግ የሚሉበት ልምምድ) በየወሩ እየከበደ የሩጫ ሰዓቱ ግን ፈቅ የማይልለት ሯጭ ብዙ ነው። ጥፋቱ የብረቱ አይደለም። የጠነከረ እግር መሬትን አጥብቆ ይገፋል፤ ጥቅሙም ከመነሻው ባሉት የመጀመሪያ እርምጃዎች ጎልቶ ይታያል። ይህን ጥቅም የሚበሉት የአሠራር ስህተቶች ናቸው።

እስኪያቅት ድረስ ማንሳት። ከሁሉም የከፋው ይህ ነው። በሙሉ ፍጥነት የሚሮጥ ሰው እግሩ መሬት የሚነካው ለ0.1 ሰከንድ ያህል ብቻ ነው። ጡንቻ ደግሞ ያለውን ኃይል ሁሉ ለማውጣት 0.3 ሰከንድና ከዚያ በላይ ይፈልጋል። ስለዚህ ለሯጭ ኃይሉ መብዛቱ ብቻ አይበቃም፣ ፈጥኖ መውጣት አለበት። እየተንቀጠቀጡ የሚጨርሱት ዙር ግን ትርፉ ለቀናት የማይለቅ ድካም ነው። አንድ ጊዜ ብቻ ማንሳት ከሚችሉት ክብደት ከ80 እስከ 85 በመቶውን ይጫኑ፤ ከ3 እስከ 5 ጊዜ እየደጋገሙ ከ3 እስከ 4 ዙር ይሥሩ። ሲወርዱ ተቆጣጥረው ይውረዱ፣ ሲነሱ ባለ በሌለ ኃይልዎ ይነሱ። አነሳስዎ ከቀደመው በግልጽ ከዘገየ ዙሩን እዚያው ያቁሙ።

ዕረፍት መቁረጥ። በዙሮች መካከል ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ይረፉ። እዚህ የሚፈለገው ላብ አይደለም።

ከስኳት በኋላ ስፕሪንት (አጭር ርቀት በሙሉ ፍጥነት) መሮጥ። በደከመ እግር በሙሉ ፍጥነት መሮጥ ቋንጃን (የኋላ ታፋ ጡንቻን) ለጉዳት ያጋልጣል፤ ፍጥነቱም እውነተኛ አይሆንም። ሁለቱ በአንድ ቀን ከዋሉ ሩጫው ይቅደም፦ በደንብ አሟሙቀው 30 ሜትር ከ4 እስከ 6 ጊዜ፣ በየመሃሉ 3 ደቂቃ እየታረፈ። ብረቱ ከዚያ ይከተላል፣ ማግስቱም ቀላል ቀን ይሁን። ብረት በዛ ብሎ ስፕሪንቱን መተውማ ጭራሽ አይሆንም፤ ፍጥነት የሚለመደው በመሮጥ ነው።

ክብደት ለመጨመር ብሎ ቅርጽ ማበላሸት። ከጎንና ከፊት በስልክ ይቀረጹ። ታፋዎ ከወለሉ ጋር ትይዩ ሳይሆን ከተመለሱ፣ ተረከዝዎ ከተነሳ፣ ጉልበትዎ ወደ ውስጥ ከታጠፈ ወይም ወገብዎ ከጎበጠ ክብደቱ በዝቷል። 10 ኪሎ ቀንሰው እንደገና ይቀረጹ።

ቋንጃን መርሳት። ስኳት በአብዛኛው የሚያሠራው የፊት ታፋንና መቀመጫን ነው። በሩጫ ላይ የተወረወረውን እግር የሚገታው ቋንጃ ግን የራሱ ሥራ ያስፈልገዋል። ሮማኒያን ዴድሊፍት ይጨምሩ፦ ጉልበት ትንሽ ይታጠፋል፣ መቀመጫ ወደ ኋላ ይገፋል፣ ብረቱ ታፋን እየታከከ ይወርዳል፤ ጀርባ ሊጎብጥ ሲል ይመለሱ። ኖርዲክ የሚባለው ልምምድም የቋንጃ ጉዳትን በመቀነስ የተመሰከረለት ነው፦ ተንበርክከው፣ ሰው ቁርጭምጭሚትዎን ይዞልዎት፣ ቀስ ብለው ወደ ፊት መውረድ። መጀመሪያ ላይ ክፉኛ ስለሚያሳምም በ2 ዙር፣ በየዙሩ በ3 ድግግሞሽ ይጀምሩ፤ በስፕሪንት ዋዜማ ግን አይንኩት።

በውድድር ሰሞን ብረትን ጨርሶ መተው። ጥንካሬው በሳምንታት ውስጥ ይሸሻል። በሳምንት አንድ ቀን ይበቃል፤ ክብደቱ ባለበት ይቆይ፣ ዙሩ በግማሽ ይቀነስ። የመጨረሻው ከባድ ቀን ከውድድሩ ቢያንስ 5 ቀን ይቅደም።