የቺካጎውን ሞናድኖክ ሕንፃ ለመጎብኘት፦ ከየት ቆሞ ምን ማየት ይገባል

በቺካጎ መሀል ከተማ፣ ነዋሪዎቹ ሉፕ በሚሉት ሰፈር፣ የሰማይ ጠቀስ ሕንፃ ጥበብ ገና በጀማሪነቱ ዘመን ያፈራቸው ሕንፃዎች ዛሬም ተከራይ እየገባባቸው ይኖራሉ። ከእነዚህ አንዱን ብቻ ለማየት ጊዜ ያለው ሰው ሞናድኖክን ቢመርጥ ይሻላል። የሰሜኑ ግማሽ በበርንሃምና ሩት ድርጅት ተነድፎ እ.ኤ.አ. በ1891 ሲጠናቀቅ፣ የውጭውን ሸክም የያዘው ወፍራም የጡብ ግድግዳ ነበር፤ የደቡቡ ግማሽ በሆላበርድና ሮሽ ተነድፎ በ1893 ሲያልቅ ግን ሸክሙ ወደ ብረት አጽም ተዛውሯል። በሁለት ዓመት ልዩነት የተሠሩት እነዚህ ሁለት አካላት ጎን ለጎን ተጣብቀው በአንድ ስም ስለሚጠሩ፣ ብዙ ጎብኚ ልዩነታቸውን ሳያይ ያልፋል። የዚህ መመሪያ ዓላማም ልዩነቱን በዐይን ለይቶ ማየት ማስቻል ነው።

ግንባታ ሙያው ላልሆነ አንባቢ ነገሩን ከአገራችን ቤቶች ተነሥቶ መረዳት ይቀላል። በጭቃ ቤት ጣሪያውን የሚሸከሙት ምሰሶው፣ ቋሚውና ማገሩ ሲሆኑ፣ ጭቃው ክፍተቱን ይሸፍናል እንጂ ሸክም የለበትም፤ በድንጋይ በተካበ ቤት ግን ተሸካሚው ግድግዳው ራሱ ነው። ሞናድኖክ በሰሜን በኩል የድንጋዩን ቤት፣ በደቡብ በኩል የጭቃውን ቤት ሥርዓት ይከተላል።

ለጉብኝቱ የሥራ ቀንን ይምረጡ። ሕንፃው ሙዚየም ሳይሆን ቢሮና ሱቅ የሚከራይበት ስለሆነ፣ የምድር ቤቱን መተላለፊያ ማየት የሚቻለው በሥራ ሰዓት ነው። ከኦሄር አውሮፕላን ማረፊያ የሚመጣ ሰው በሰማያዊው የባቡር መስመር ተሳፍሮ ጃክሰን ጣቢያ ሲወርድ ከሕንፃው ጥግ ላይ ይወጣል፤ ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩበት በሰሜኑ ኤጅዋተር ሰፈር ያለ ሰው ደግሞ በቀዩ መስመር ጃክሰን ድረስ መጥቶ አጭር መንገድ ወደ ምዕራብ ይራመዳል። አነስተኛ አጉልቶ ማሳያ መነጽር ቢይዙ ይጠቅማል፣ የሰሜኑ ግማሽ ዋና ነገር ከላይ ነውና።

መጀመሪያ ወደ ውስጥ አይግቡ። የጃክሰንን ጎዳና ወደ ሰሜን ተሻግረው፣ ዲርቦርን ጎዳና ከሚያቋርጠው ጥግ ላይ ቆመው ወደ ሕንፃው ይዙሩ። 16 ፎቅና 66 ሜትር ያህል ቁመት ያለው፣ ወደ ሐምራዊ የሚያደላ ቡናማ የጡብ ግንብ ያያሉ። ቅርጻ ቅርጽ የለም፣ ዐምድ የለም፣ የተንጠለጠለ ጌጥ የለም። የሕንፃው ባለቤቶች የቦስተኖቹ ወንድማማቾች ፒተርና ሼፐርድ ብሩክስ ነበሩ፤ ፒተር ብሩክስ ወደ ውጭ የወጣ ጌጥ ሁሉ ቆሻሻ ማከማቻና የርግብ ማረፊያ ነው በማለት ግድግዳው ልሙጥ እንዲሆን አጥብቆ አሳስቧል። ቁጠባን የፈለገ ባለንብረት የሰጠውን ይህን ትእዛዝ አርክቴክቱ ጆን ሩት ወደ ውበት ለወጠው፣ በእኔ ግምት የሕንፃው ትልቁ ስኬትም ይኸው ነው። ከመሬት ጀምረው ዐይንዎን ቀስ ብለው ወደ ላይ ያንሡ፦ ግድግዳው ሁለተኛው ፎቅ አጠገብ ወደ ውስጥ ይታጠፋል፣ ከዚያ ቀጥ ብሎ ይወጣል፣ ጣሪያው ጋር ሲደርስ እንደገና ወደ ውጭ ይከፈታል። ጥጉ ደግሞ ከታች ስል ሆኖ ይጀምርና ወደ ላይ በሄደ ቁጥር እየተከረከመ ይሰፋል። ይህን ቅርጽ ለማግኘት ልዩ ቅርጽ ያላቸው ጡቦች ማምረት ግድ ሆኖ ነበር። ሩት የጥንቷን ግብፅ ቤተ መቅደሶች በር እያሰበ እንደነደፈው ይነገራል፤ እርሱ ግን በጃንዋሪ 1891፣ በ41 ዓመቱ፣ በሳንባ ምች ሞተ።

አሁን መንገዱን ተሻግረው ወደ ግድግዳው ይጠጉና የምድር ቤቱን መስኮቶች ከጎን ይመልከቱ። መስታወቱ ከግድግዳው ፊት ምን ያህል ወደ ውስጥ ገብቶ እንደተቀመጠ ሲያዩ ውፍረቱን ይረዳሉ። ግድግዳው ከታች 1.8 ሜትር ያህል ወፍራም ሲሆን፣ ከላይ ወደ 45 ሴንቲ ሜትር ይቀጥናል። እያንዳንዱ ተጨማሪ ፎቅ ከበታቹ ያለውን ግድግዳ የበለጠ እንዲወፍር ስለሚያስገድድ፣ ኪራዩ ከሁሉ በሚወደድበት በምድር ቤቱ ላይ የሚከራየው ቦታ በጡብ ይበላል። የጡብ ግድግዳ ከዚህ በላይ እንዳይረዝም ያደረገው የጡቡ አቅም ብቻ ሳይሆን ይህ ሒሳብም ነው።

አንዳንድ ጽሑፎች የሰሜኑ ግማሽ ያለ አንዳች ብረት የተሠራ አስመስለው ያቀርቡታል፤ ይህ ትክክል አይደለም። በውስጡ ወለሎቹን የተሸከሙ የብረት ኮለኖችና ቢሞች (ቋሚና አግዳሚ ተሸካሚዎች) አሉ፤ ሕንፃው ረጅምና ጠባብ በመሆኑም ንፋስ እንዳያንገዳግደው ኮለኖቹ በብረት ማጠናከሪያ እርስ በርስ ታስረዋል። ይህ ዓይነቱ የንፋስ መከላከያ በአሜሪካ ከተሞከሩት የመጀመሪያዎቹ አንዱ ነው። በጡብ የመጨረሻው ታላቅ ሕንፃ የሚባለው ቤት ውስጡ ወደ አዲሱ ዘመን ተሻግሮ ነበር ማለት ይቻላል።

ከዚያ በዲርቦርን ጎዳና ምሥራቃዊ ጠርዝ ላይ ሆነው ወደ ደቡብ፣ ወደ ቫን ቢዩረን ጎዳና ይራመዱ። ሕንፃው መላውን ርዝመት ይዞ አብሮዎት ይሄዳል፤ በአራት ክፍል የተከፈለ ሲሆን እያንዳንዱ ክፍል በኒው ኢንግላንድ፣ ማለትም በሰሜን ምሥራቅ አሜሪካ፣ በሚገኝ ተራራ ስም ተሰይሞ ነበር፣ ሞናድኖክም በኒው ሃምፕሸር የሚገኝ ተራራ ነው። መሀል ላይ ሲደርሱ መጋጠሚያውን ይፈልጉ። ከዚያ በኋላ ግድግዳው ይሳሳል፣ የጡቡ ቀለም ይለወጣል፣ የቴራኮታ (የተተኮሰ ሸክላ) ጌጥ ይታያል፣ አናቱም እንደ ሰሜኑ ግድግዳው ራሱ ተከፍቶ ሳይሆን በተለምዶው ዓይነት ኮርኒስ፣ ማለትም ከግድግዳው አናት ወደ ውጭ በወጣ ጠርዝ፣ ያልቃል። የደቡቡ 17 ፎቅ በጡብ ተሸፍኖ ይታይ እንጂ የቆመው በብረት ነው። አሠራሩ የተሻለ መሆኑ አያጠራጥርም፤ መልኩ ግን ከሰሜኑ ጋር ሲነጻጸር የአንድ ተራ ቢሮ መልክ ነው።

ወደ ውስጥ የሚገቡት በጃክሰን በኩል ይሁን። በሩ ላይ እግርዎን ይጠብቁ፣ ከእግረኛ መንገዱ ወደ ወለሉ ዝቅ ይላልና። የቺካጎ አፈር ለስላሳ ሸክላ በመሆኑና ጽኑው ዐለት በጣም ጥልቅ ላይ ስለሚገኝ፣ የዘመኑ መሐንዲሶች ሰፊ የኮንክሪትና የብረት መሠረት ዘርግተው ሕንፃውን በሸክላው ላይ ያሳርፉት ነበር። ሞናድኖክ 20 ሴንቲ ሜትር ያህል እንደሚሰምጥ ታስቦ ነበር የተሠራው፤ በአሥርተ ዓመታት ውስጥ የሰመጠው ግን 50 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። በ1940 አካባቢ በዲርቦርን ሥር የምድር ውስጥ ባቡር ዋሻ ሲቆፈር፣ የምሥራቁ ግድግዳ ወደ ጥልቁ ጠንካራ አፈር በሚወርዱ ምሰሶዎች መደገፍ ነበረበት። በሰማያዊው መስመር የመጣ ጎብኚ የተሳፈረው በዚያው ዋሻ ነው።

መተላለፊያው ከሰሜን በር እስከ ደቡብ በር ሕንፃውን ሰንጥቆ ያልፋል፤ ሱቆቹ አንድ ፊታቸውን ወደ ጎዳናው፣ ሌላውን ወደ መተላለፊያው አድርገዋል። ወለሉን የሸፈነውን ሞዛይክ ከተመለከቱ በኋላ በሰሜኑ ግማሽ ያለውን ደረጃ ይፈልጉ። የተሠራው ከአሉሚኒየም ነው፤ አሉሚኒየምን በርካሽ የማምረት ዘዴ የተገኘው በ1886 ስለነበር፣ ይህ ደረጃ በሕንፃ ሥራ ላይ አሉሚኒየም ከዋለባቸው ቀደምት ምሳሌዎች አንዱ ነው። ዛሬ የሚታየው የውስጥ ገጽታ በአብዛኛው ከ1979 ጀምሮ የተካሄደው እድሳት ውጤት ነው። ወደ ላይኛው ፎቅ ለመውጣት ወይም ተከራዮች ባሉበት ፎቶግራፍ ለማንሳት ከፈለጉ አስቀድመው ጥበቃውን ያስፈቅዱ።

በደቡቡ በር ሲወጡ ጊዜ ከተረፈዎት ሁለት አማራጭ አለ። በዚያው በዲርቦርን ጥቂት ቢራመዱ ኦልድ ኮሎኒን፣ ፊሸርንና በዊሊያም ለ ባሮን ጄኒ የተነደፈውን ማንሃታን ሕንፃ ያገኛሉ፤ ሦስቱም ከ1891 እስከ 1896 ባለው ጊዜ የተጠናቀቁ ናቸው። እኔ ግን ወደ ሰሜን ተመልሰው ላሳልና አዳምስ የሚገናኙበት ላይ ያለውን ሩከሪ እንዲያዩ እመክራለሁ፣ እርሱም የበርንሃምና ሩት ሥራ ነው፣ በ1888 የተጠናቀቀ። በመስታወት የተከደነውን የውስጥ አዳራሹን ፍራንክ ሎይድ ራይት በ1905 እንደገና ነድፎታል። መንገድዎ ላይ፣ ከሞናድኖክ በስተ ሰሜን፣ በሚስ ቫን ደር ሮ የተነደፉት ጥቁር የብረትና የመስታወት የፌዴራል ሕንፃዎች አሉ፤ እዚያ ግድግዳው መስታወት ብቻ ነው።